የራስ መኮንን ቤት

በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ በሰው ስም የሚጠሩ ሁለት ዝነኛ ቤቶች አሉ። አንደኛው የራምቦ ቤት፣ ሁለተኛው የራስ ተፈሪ ቤት ይባላል። ሁለቱም ፎቅ ናቸው፤ ሁለቱም በእንጨት ሥራቸውና ወደ ውጭ በሚመለከቱ መስኮቶቻቸው ከአካባቢያቸው ይለያሉ፤ ሁለቱንም ያሠሯቸው ህንዳውያን ነጋዴዎች ናቸው። የራምቦ ቤት የሚባለው የተሠራው ፈረንሳዊው ባለቅኔና ነጋዴ አርተር ራምቦ ከሞተ ከዓመታት በኋላ ስለሆነ፣ ሰውየው በዚህ ጣሪያ ሥር አንድም ሌሊት አላደረም። የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለውም ስሙን ያገኘው፣ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት ደጃዝማች ተፈሪ በ1903 ዓ.ም. ወይዘሮ መነንን ሲያገቡ የጫጉላቸውን ጊዜ አሳልፈውበታል ስለሚባል ነው። ያሠራው ሰው፣ የጠረበው አናጢ፣ ድንጋዩን የካበው ግንበኛ በሁለቱም ስሞች ውስጥ የሉበትም። እንጀራችንን በዚሁ ሙያ የምንበላ የማኅበራችን አባሎች ነገሩ እንግዳ እንደማይሆንብን እገምታለሁ።

በእነዚህ ሁለት ስሞች መካከል አንድ ሦስተኛ ሰው ቆሟል። ራምቦን በሐረር ያስተናገደው፣ የጠመንጃውን ዋጋ የከፈለውና ሲሞትም ለእኅቱ የሐዘን ደብዳቤ የላከላት እርሱ ነው። የተፈሪም አባት እርሱ ነው። በአማርኛ ቤት ማለት ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ሳይሆን ዘርም፣ ሎሌና አሽከርም፣ ገበታም እንደመሆኑ መጠን፣ የሐረርን ቤቶች ስም ለመረዳት የራስ መኮንን ወልደ ሚካኤልን ሕይወት መከተል ያስፈልጋል።

መኮንን የተወለዱት ግንቦት 1 ቀን 1844 ዓ.ም. በሸዋ፣ ደረፎ ማርያም በተባለው ስፍራ ነው። አባታቸው ደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ጉዴሳ፣ እናታቸው ደግሞ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ልጅ ወይዘሮ ተናኘ ወርቅ ነበሩ። በዚህም ለምኒልክ የአክስት ልጅ ይሆናሉ። ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ሸዋን በያዙ በማግስቱ ማለት ይቻላል፣ አባታቸው የ14 ዓመቱን ልጅ ወስደው ለወጣቱ ንጉሥ ሰጡ። በዚያ ዘመን የመኳንንት ልጅ ወግ እንዲህ ነበር፤ ከአባቱ ግቢ ወጥቶ በጌታው እልፍኝ ያድጋል፣ ከጌታው ጋር ይዘምታል፣ ድንኳኑንም ከጌታው ድንኳን አጠገብ ይተክላል። ስለ መኮንን ወጣትነት ከዚህ የተለየ የሚነገር ብዙ የለም። ቁመታቸው አነስ ያለ፣ ነገራቸው የረጋ፣ ከቁጣ ይልቅ ዝምታ የሚቀናቸው ሰው እንደነበሩ ያዩአቸው የውጭ አገር ሰዎች ሁሉ ይስማሙበታል።

የሕይወታቸው ትልቅ መታጠፊያ የመጣው በ34 ዓመታቸው ነው። ሐረር ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. በግብጽ ጦር ተይዛ ቆይታ ነበር። ግብጾቹ ሲወጡ፣ በእነርሱ እጅ የተገደሉት የአሚር ሙሐመድ ልጅ አሚር አብዱላሂ በአባታቸው ወንበር ተቀመጡ። ዘመናቸው ግን ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። ታኅሣሥ 29 ቀን 1879 ዓ.ም.፣ በገና ዕለት፣ ጨለንቆ ላይ የአሚሩ ጦር ከምኒልክ ሠራዊት ጋር ገጠመ። ውጊያው አጭር ነበር፤ የሐረር ሰው ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። በሐረሪ ቤት የመደቡና የወለሉ ቀይ ቀለም በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል ተብሎ ይነገራል። ቀለሙ ከዚያ በፊትም ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ክርክር ለታሪክ ሊቃውንት እተዋለሁ። አንድ ሕዝብ ሐዘኑን በቤቱ ወለል ላይ እንዳለ አድርጎ ለልጆቹ መንገሩ ግን ለእኛ ሙያ ቀላል ነገር አይደለም።

ምኒልክ ወደ ከተማዪቱ ገብተው መኮንንን ደጃዝማች ብለው የሐረር ገዥ አደረጓቸው፤ ከአሚሩ ዘመዶች አንዱን አሊ አቡ በርካንም በአስተዳደሩ ላይ አብረው ሾሙ። እዚህ ላይ የሙያ ባልደረቦቼ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። በዚያ ዘመን ወደ ደቡብ የዘመተው ሠራዊት በሄደበት ሁሉ ከፍታ ቦታ መርጦ፣ ዙሪያውን አጥሮ፣ የገዥውን አዳራሽ ከመካከል፣ የወታደሩን ጎጆ ከጎኑ ሠርቶ ከተማ ያወጣ ነበር። ዛሬ ጂንካና ገዘር በሚገኙበት በአሪ ደጋ ላይ የባኮ ከተማ የተቆረቆረችው በዚሁ ሥርዓት ነው። አዲሱ ገዥ ከነባሩ ሰው መንደር ፈቀቅ ብሎ የራሱን ቤት በራሱ ወግ ይሠራል፤ የሁለቱ ሰዎች አነዋወር በአንድ አጥር ውስጥ አይገናኝም።

ሐረር ግን ሌላ ነበረች። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ያሠሩት፣ ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፣ አምስት በሮች ያሉት ግንብ ከተማዪቱን ይከባታል። በውስጡ ቤት ከቤት ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ ጠባቡ መንገድ በግድግዳዎች መካከል እንደ ቦይ ይወርዳል። የሐረሪ ቤት ጌይ ጋር ይባላል። ወደ መንገዱ የሚያሳየው ድፍን ግንብ ነው፤ ውበቱ ሁሉ ወደ ውስጥ ነው። በሩን አልፈው ግቢውን ተሻግረው ሲገቡ፣ ከፍና ዝቅ ብለው የተደረደሩ ንደባ የሚባሉ መደቦችን ያገኛሉ። መደቦቹ የየራሳቸው ስምና ማዕረግ አላቸው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ይናገራል። በግድግዳው ላይ መጻሕፍትና ዕቃ የሚቀመጥባቸው የተቦረቦሩ መስኮቶች፣ ከላያቸው ደግሞ የሴቶቹ የእጅ ሥራ የሆኑ ሰፌዶችና ሙዳዮች አሉ። እንግዲህ ከሸዋ የመጣው ገዥ የገባው ባዶ ኮረብታ ላይ ሳይሆን፣ ሥርዓቱ ያለቀለት፣ መቀመጫው ሁሉ ባለቤት ያለው የሌላ ሰው ቤት ውስጥ ነበር።

ከነባሩ ላይ የተነሣ ነገር አልነበረም ማለት አይቻልም። ግብጾች ፈረስ መጋላ ላይ ባሠሩት መስጊድ ቦታ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ታነጸ። ይህ ለሸዋ ሰው የድል ምልክት፣ ለሐረሪው ቁስል ነበር፤ ሁለቱንም አንድ ላይ ሳይናገሩ የመኮንንን ዘመን መጻፍ የታሪኩን ግማሽ መሰወር ይሆናል። ሆኖም መኮንን ከተማዪቱን በያዙበት 19 ዓመት ውስጥ ግንቡ አልፈረሰም፤ ሌሎቹ መስጊዶች በቦታቸው ቀሩ፤ ገበያውም አልተበተነም። ሰውየው ሐረርን ያልነኳት ከርኅራኄ ይሁን ከስሌት መለየት ያስቸግራል። እኔ ወደ ስሌቱ አደላለሁ። ሐረር ከባሕር የሚመጣ ጠመንጃ የሚገባባት፣ ከአገር ቤት የሚሄድ ቡናና ቆዳ የሚወጣባት በር ነበረች፤ ያንን በር ክፍት አድርገው የያዙት ደግሞ በግንቡ ውስጥ የሚኖሩት ነጋዴዎች ነበሩ።

ራምቦ ከእነዚሁ ነጋዴዎች አንዱ ነበር። ወደ ሐረር የመጣው በ1873 ዓ.ም. በግብጾች ጊዜ የአንድ የቡና ንግድ ቤት ተቀጣሪ ሆኖ ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በራሱ ስም ጠመንጃ ከታጁራ ጭኖ ወደ ሸዋ ወጣ፤ ምኒልክም ዕቃውን ከጠበቀው በታች በሆነ ዋጋ ገዝተው ሒሳቡን መኮንን ሐረር ላይ እንዲከፍሉት አዘዙ። በዚህ ምክንያት የተጀመረው ትውውቅ ራምቦ በመጨረሻ ጊዜው ሐረር ተመልሶ ሱቅ ከከፈተበት ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ጸና። በ1883 ዓ.ም. ጉልበቱ ታሞ በቃሬዛ ወደ ዘይላ ወረደ፤ ማርሴይ ላይ እግሩ ተቆረጠ፤ በኅዳር 1884 ዓ.ም. አረፈ። ስለ ግጥሙ ሐረር ላይ የሚያውቅ ሰው እምብዛም አልነበረም። የእርሱ ስም በህንዳዊው ነጋዴ ቤት ላይ መለጠፉ ከዚያ ሁሉ በኋላ የመጣ ነገር ነው፤ ቤቱ ቀድሞ ራምቦ በኖረበት ቦታ ላይ ተሠራ የሚሉ ቢኖሩም።

መኮንን ግን በዚያን ጊዜ ከነጋዴዎች ሒሳብ የከበደ ሒሳብ ነበረባቸው። በ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል እንደተፈረመ ምኒልክ መልእክተኛ አድርገው ወደ ኢጣልያ ላኳቸው። ተጨማሪውን ውል የተፈራረሙት፣ የአራት ሚሊዮን ሊሬ ብድሩንም ያደራደሩት እርሳቸው ናቸው። ለዚህ ብድር መያዣ የሆነው የራሳቸው ግዛት የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር። ዛሬ ስናስበው አስፈሪ ነገር ነው፤ በውሉ 17ኛ አንቀጽ የተነሣ አገሪቱ ከኢጣልያ ጋር ብትጣላ፣ ከሁሉ በፊት የሚናጋው የመኮንን በር ነበር። በ1882 ዓ.ም. ሲመለሱ የራስነት ማዕረግ ተሰጣቸው። በአውሮፓ ያዩት ፋብሪካ፣ የጦር መርከብና ሆስፒታል ከአእምሯቸው እንዳልጠፋ ኋላ የሠሯቸው ሥራዎች ያስረዳሉ።

ቤተሰባቸውን በሚመለከት፣ ከወይዘሮ የሺመቤት ዓሊ ጋር ያፈሯቸው ልጆች ብዙዎቹ አልበረከቱም። ተፈሪ የተወለዱት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ከሐረር ወጣ ብሎ ባለው በኤጀርሳ ጎሮ ነው። ልጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በመጋቢት 1886 ዓ.ም. እናቲቱ አረፉ። ራስ መኮንን ከሌላ እናት የወለዱት ይልማ የሚባል ታላቅ ልጅም ነበራቸው። የሁለት ልጆች አባት፣ የአንድ ጠረፍ ጠባቂ፣ የንጉሠ ነገሥቱ የውጭ ጉዳይ አማካሪ ሆነው ሳለ ጦርነቱ ደረሰ።

በኅዳር 1888 ዓ.ም. አምባ አላጌ ላይ የቶዜሊን ጦር የመታው የፊተኛው ሠራዊት በእርሳቸው መሪነት የተጓዘ ነበር። ከዚያ በመቀሌ እንዳ ኢየሱስ የተመሸገው የጋሊያኖ ጦር ውኃ ተይዞበት እጁን ሲሰጥ ከነመሣሪያው እንዲወጣ ተፈቅዶለት፣ ሸኝተው ወደ ወገኖቹ ያደረሱት ራስ መኮንን ናቸው። ይህን ምሕረት በጊዜው ያልወደዱት ብዙዎች ነበሩ። የካቲት 23 ቀን አድዋ ላይ የሐረር ጦር የነበረውን ድርሻ በዚህ መጽሔት መዘርዘር አያስፈልግም፤ ሁሉም ያውቀዋል። ስለ ቤት ለምንነጋገር ለእኛ ይበልጥ የሚጠቅመን ከአድዋ መልስ ያደረጉት ነው፤ በቁልቢ ኮረብታ ላይ ለቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ዛሬ በታኅሣሥና በሐምሌ 19 ቀን ሕዝብ የሚጎርፍበት ሕንጻ ልጃቸው ንጉሠ ነገሥት ከሆኑ በኋላ በቦታው ያሠሩት ነው።

ከድሉ በኋላ የነበሩት ዓመታት ለራስ መኮንን ዕረፍት አልሆኑም። በግንቦት 1889 ዓ.ም. ከእንግሊዙ መልእክተኛ ሮድ ጋር ሐረር ላይ ተቀምጠው የሶማሌን ወሰን የሚመለከቱ ደብዳቤዎች ተለዋወጡ። ከብት አርቢው ሶማሌ ወቅት ተከትሎ የሚሻገረው የግጦሽ መሬት በዚያ ወረቀት ላይ በመስመር ተከፈለ። ራስ መኮንን ለአገራቸው ጥሩ ተደራዳሪ እንደነበሩ አያከራክርም፤ በመስመሩ ላይ የሚኖሩት ሰዎች ግን በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበሩም። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ቤኒ ሻንጉል ዘመቱ። ከዚያ ደግሞ ራስ መንገሻ ዮሐንስን ለማስገበር ወደ ትግራይ ተላኩ፤ ጥቂት ጊዜም ትግራይን ገዙ። ሐረር በእነዚህ ዓመታት ጌታዋን የምታየው አልፎ አልፎ ነበር።

በ1894 ዓ.ም. የኤድዋርድ 7ኛን ዘውድ መጫን ምክንያት በማድረግ ወደ ለንደን ተጓዙ። በዓሉ ሊከበር ጥቂት ቀን ሲቀረው ንጉሡ ታመው ቀኑ ተላለፈ፤ እንግዶችም ሁሉ ዝግጅታቸው በእጃቸው ቀረ። ሐረር ላይ ሆስፒታል አሠርተው ቪታልየን የተባሉ የጓድሉፕ ተወላጅ ሐኪም ሾሙበት። እኚሁ ሐኪም ለልጅ ተፈሪ ፈረንሳይኛ አስተማሩ። በቤት ታሪክ ውስጥ ሆስፒታሉ ከአዳራሽና ከሰገነት ይልቅ ሊነገርለት የሚገባ ይመስለኛል፤ ጌታው ለራሱ ሳይሆን ለሌላ ሰው መተኛ ያሠራው ነውና።

የህንዳውያን አናጢዎችና ግንበኞች እጅ በሐረር እየጎላ የመጣው በዚሁ ዘመን ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው ነጋዴ በሐረሪ ቤት ወግ፣ መደብ ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ መኖር አላሻውም። መንገዱን የሚያይ መስኮት፣ ነፋስ የሚቀበል በረንዳ፣ የተጠረበና የተፈለፈለ እንጨት፣ ከታች ሱቅና መጋዘን፣ ከላይ መኖሪያ ፈለገ። በዚህ ዓይነት ድፍን ግንብ ከለበሰው ከተማ መካከል ፊታቸውን የገለጡ ቤቶች ብቅ ብቅ አሉ። ራምቦና ራስ ተፈሪ ስማቸውን የሰጧቸው ቤቶች የዚህ ዘር ናቸው። ቤቶቹ እንዲበቅሉ ያደረገው ንግድ በራስ መኮንን ጥላ ሥር የተካሄደ ነበር፤ ያን ንግድ ከሐረር የወሰደው ደግሞ በእርሳቸው ዘመን የደረሰ ሌላ ነገር ነው።

የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ወደ ሐረር እንዲደርስ ታስቦ ነበር። ተራራው ግን ለመሐንዲሶቹ ከባድ ሆነባቸው፤ ወጪውም አስፈራ። በመሆኑም ሐዲዱ ተራራውን ሳይወጣ ከሥሩ ባለው ሜዳ አለፈ፤ በ1895 ዓ.ም. የደረሰበትም ጣቢያ አዲስ ሐረር ተባለ። ያቺ ጣቢያ ድሬ ዳዋ ናት። አዲስ ሐረር የሚለው ስም ብዙ አልሰነበተም፤ ገበያው ግን ቁልቁል ወርዶ ቀረ። አንድ የመሐንዲስ የዳገት ስሌት የአንዲትን የብዙ መቶ ዓመት ከተማ ዕጣ እንዴት እንደሚለውጥ ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በአገራችን አላውቅም። ከሐረር ብዙው ያልፈረሰውም አንድም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አዲስ ሕንጻ የሚፈልግ ገንዘብ ሁሉ ወደ ድሬ ዳዋ ወረደ።

በጥቅምት 1898 ዓ.ም. ራስ መኮንን የ13 ዓመቱን ልጃቸውን ደጃዝማች ብለው በጋራ ሙለታ ላይ ሾሙ። በዚያው ዓመት ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀምረው መንገድ ላይ ታመሙ፤ ወደ ቁልቢ ተመልሰው በመጋቢት 1898 ዓ.ም. በ54 ዓመታቸው ሊገቡ ጥቂት ሲቀራቸው አረፉ። ከመሞታቸው በፊት ልጃቸውን ለምኒልክ አደራ የሚል ደብዳቤ መጻፋቸው የታወቀ ነው። አስከሬናቸው በሐረር ቅዱስ ሚካኤል ዐረፈ።

አደራው ወዲያው አልተፈጸመም። ሐረር ለታላቁ ልጅ ለይልማ ተሰጠች፤ ተፈሪም ከአባታቸው ግዛት ወጥተው ወደ ሸዋ ሄዱ። ይልማ በ1900 ዓ.ም. ሲሞቱ እንኳ ሹመቱ ለደጃዝማች ባልቻ ሆነ። ተፈሪ ወደ ሐረር የተመለሱት በ1902 ዓ.ም. ነው። በሚቀጥለው ዓመት ወይዘሮ መነንን አግብተው፣ የህንዳዊው ነጋዴ ቤት የሙሽራ ቤት ሆነ የሚባለውም በዚህ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የመኮንን ቤት ከሐረር አልፎ የአገሪቱ ዙፋን ሆነ። ንጉሠ ነገሥቱ ሁለተኛ ወንድ ልጃቸውን መኮንን ብለው ሰይመው የሐረር መስፍን አደረጉት። የአባታቸውንም ስም በድልድይና በአደባባይ ላይ አኖሩ። ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ከሰጡ በኋላ ዋናው ሕንጻ ራስ መኮንን አዳራሽ ተባለ። ራምቦ ያላደረበት ቤት በራምቦ ስም እንደሚጠራ ሁሉ፣ ስድስት ኪሎ ላይ ያለውም ሕንጻ ራስ መኮንን ከሞቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ ተሠርቶ በእርሳቸው ስም ይጠራል።

በሐረር ከግንቡ ውጭ ባለው አደባባይ የክሮሺያው ቀራጺ አንቱን አውጉስቲንቺች የሠራው፣ ራስ መኮንንን በፈረስ ላይ የሚያሳይ ሐውልት ቆሞ ነበር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. በአገሪቱ በተነሣው ሁከት ሐውልቱ ከመቆሚያው ተጥሎ ተሰበረ። ለአንዱ ወገን የአድዋ ጀግና፣ ለሌላው የጨለንቆ ማግስት ገዥ ነበሩ። ሁለቱም እውነት መሆኑን የሚያውቅ ሰው በዚያ ቀን ምን ሊል እንደሚገባው ዛሬም ያስቸግረኛል።

ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የራምቦ ቤት ሙዚየም ሆኖ፣ ባለቅኔው በሐረር ሳለ ያነሣቸው ፎቶግራፎች ቅጂዎች በግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። የራስ ተፈሪ ቤት ደግሞ ሸሪፍ የሐረር ከተማ ሙዚየም ሆኗል። በተጠረበው በሩ ገብተው ደረጃውን ሲወጡ፣ በእጅ የተጻፉ የሐረር መጻሕፍት፣ የአሚሮቹ ዘመን ገንዘቦች፣ የሐረሪ ሴቶች ጌጥና ልብስ ይታያሉ። ከሰገነቱ ላይ ሲመለከቱ ከታች የጠባቡ መንገድ ድፍን ግንቦች፣ ወዲያ ማዶ ደግሞ የመስጊዶቹ ሚናራዎችና የመድኃኔ ዓለም ጣሪያ ይታያሉ።